«ሃውንድ ዶግ» መጀመሪያ የማን ነበር?

ጠያቂ፦ «ሃውንድ ዶግ» የተባለው ዘፈን የኤልቪስ ፕሪስሊ አይደለም ይላሉ። የማን ነው? ሸክላው ላይስ እንዴት ይለያል?

ሸክላ ወዳጅ፦ ድርሰቱ የሊበርና የስቶለር ነው። ቢግ ማማ ቶርንተን በ1952 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ.) ቀርጻው በ1953 ወጣ፤ ረጋ ያለ ብሉዝ፣ የማይረባ ወንድን ከቤቷ የምታባርር ሴት። ኤልቪስ በ1956 የወሰደው ግን ፍሬዲ ቤል ላስ ቬጋስ ውስጥ ከባንዱ ጋር ሲጫወተው የሰማውን ነው። «ጥንቸል ይዘህ አታውቅም» የምትለው ስንኝ የመጣችው ከነሱ ስለሆነ ሁለቱን አከታትለህ ብትሰማ ግጥሙ ብዙም አይገናኝም። በእኔ ጆሮ የቶርንተን ይበልጣል።

ባስ መቺ፦ «ዛትስ ኦል ራይት»ም የአርተር ክሩደፕ ነው፣ የ1946። የኤልቪስ የ1954 ቅጂ ከበሮ የለውም፤ ሁለት ጊታርና ባስ ብቻ።

ሸክላ ወዳጅ፦ ሸክላው ላይ እንዴት እንደሚለይ መመለሱን ረሳሁት። ከርዕሱ ሥር በቅንፍ ያለው የደራሲው ስም ነው፤ ማን ቀድሞ እንደዘፈነው አይነግርህም። የተቀረጸበትን ቀን አመሳክር። «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ»ን ሶኒ ዴይ የቀረጸው በማርች 1954፣ ቢል ሄሊ በኤፕሪል ነው።

ባስ መቺ፦ ገንዘቡም አለ። የአሜሪካ ሕግ ለድርሰቱ በቅጂ 2 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ ቅንብር ለገለበጠ ግን ምንም። ጆርጂያ ጊብስ በ1955 የላቨርን ቤከርን «ትዊድሊ ዲ» ከነቅንብሩ ወስዳ በፖፕ ሰንጠረዥ በለጠቻት።