ታክሲ ተራ ላይ ለከፋ ሲደርስ በሕግ ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ሲመሽ ከታክሲ ወርደው ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገቡ ሴቶችን እየተከተሉ ስለ ሰውነታቸው የሚናገሩ፣ እጃቸውን የሚጎትቱ አሉ። ፖሊስ ጋር ቢኬድ ዋጋ አለው?

ሕግ ነክ፦ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «ለከፋ» የሚል የራሱ አንቀጽ የለውም፤ ስለዚህ «ለከፈኝ» ብሎ ማመልከት ብቻ ጉዳዩን ያላላዋል። የተለከፈችው ሴት ለካፊው የተናገራትን ቃል በቃል፣ የት እንደነካት፣ ሰዓቱንና ቦታውን ታስመዝግብ። ስድብ በአንቀጽ 615 ያስጠይቃል፤ የሚታየው ግን ተበዳይዋ ስታመለክት ነው። በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ ለነውር ድርጊት ማስገደድ አንቀጽ 622 ነው፣ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። የለበሰችው ልብስ በሁለቱም ውስጥ የለም፤ መርማሪው ከጠየቀ ይህንኑ ትንገረው።

የሰፈር ልጅ፦ ለካፊው የታክሲ ረዳት ከሆነ ሰሌዳውን ከነኮዱ ወዲያው ጻፉ፣ በጨለማ ፎቶ ይደበዝዛል። ብዙ ጊዜ ክሱን የሚገድለው የምስክር መበተን ነው፤ የተራ አስከባሪውንና ያዩትን ሰዎች ስልክ እዚያው ተቀበሉ።

ሰላም፦ አጠገብ ያላችሁ ወንዶች፣ እባካችሁ አትደባደቡ። ጠቡ የእናንተ ይሆንና እሷ ትረሳለች። «እህቴ፣ አብረን እንሂድ?» በሏት፤ አልፈልግም ካለች ተዉአት።