«እጥፍ» ሲባል ሁልጊዜ የሚያባዛ ልጅ፦ የ4ኛ ክፍል የቃላት ጥያቄዎች

የናቲ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። የማባዛት ሰንጠረዡን ሳይሳሳት ይወጣዋል፤ ሁለት ነገር የሚያነጻጽር የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ግን ይደናገራል። የትናንቱን የቤት ሥራ ከነመልሱ ልጻፍላችሁ።

1ኛ፦ «በአንድ ክፍል 8 ወንዶች አሉ። ሴቶቹ የወንዶቹ 3 እጥፍ ናቸው። ስንት ሴቶች አሉ?» 24 አለ፤ ልክ ነው።

2ኛ፦ «ሄለን 24 ብር አላት። የሄለን ብር የዮናስ 3 እጥፍ ነው። ዮናስ ስንት ብር አለው?» 72 አለ።

3ኛ፦ «ቀዩ ገመድ 6 ሜትር፣ ሰማያዊው 18 ሜትር ነው። ሰማያዊው የቀዩ ስንት እጥፍ ነው?» 12 ሜትር አለ።

ደብተሩ ላይ «እጥፍ ሲል ማባዛት፣ ይበልጣል ሲል መደመር፣ ያንሳል ሲል መቀነስ» የሚል ማስታወሻ አለ። ቤት ውስጥ በምን መንገድ ላስረዳው? ሌላም አለኝ፦ «በ3 እጥፍ ይበልጣል» ሲባል 3 እጥፍ ነው ወይስ 4? እዚህ ላይ እኔም ግራ ገብቶኛል።

ጠመኔ

እህቴ፣ ልጁን የሚያሳስተው ያ ማስታወሻ ነው። ናቲ እንደታዘዘው «እጥፍ» ሲያይ አባዛ፤ 1ኛው ስለገጠመለት ልክ ሆነ፣ 2ኛው ስላልገጠመለት ተሳሳተ። «ይበልጣል ሲል መደመር» የሚለውም ያው ነው። «ሄለን 24 ብር አላት፤ ከዮናስ በ3 ብር ትበልጣለች» ቢባል በማስታወሻው መሠረት ዮናስ 27 ብር ይኖረዋል፤ ትክክለኛው ግን 21 ነው። ማስታወሻው ላይ በእርሳስ ይሰረዝበትና በምትኩ አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ «መለኪያው ማነው?»

እያንዳንዱ የእጥፍ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ መለኪያው፣ የእጥፉ ቁጥር፣ የተለካው። መለኪያው ሲባዛ በእጥፉ ቁጥር የተለካውን ይሰጣል። በ1ኛው ጥያቄ የጠፋው የተለካው ነው፤ ይባዛል። በ2ኛው የጠፋው መለኪያው ነው፤ 24 ለ3 ይካፈላል፣ 8። በ3ኛው የጠፋው የእጥፉ ቁጥር ነው፤ 18 ለ6 ይካፈላል፣ 3። ከሦስቱ ሁለቱ በማካፈል እንደሚሠሩ ልብ ይበሉ፤ «እጥፍ ሲል አባዛ» ከሦስት ጥያቄ በአንዱ ብቻ ይሠራል ማለት ነው።

መለኪያው እንዴት ይገኛል? «እጥፍ» ከሚለው ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ከቁጥሩ በፊት «የ» ያለበትን ስም መያዝ ነው። «የሄለን ብር የዮናስ 3 እጥፍ ነው» ውስጥ ሁለት «የ» አለ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይይዛሉ። ለ«3 እጥፍ» የሚቀርበው «የዮናስ» ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ዮናስ ነው። ከሱ ሥር ይስመርበት።

ከዚያ ሥዕል። ባለ ካሬ ደብተር ይውሰድና ለመለኪያው አንድ ሣጥን ያስምር፣ ሁለት ካሬ የሚረዝም። ከሥሩ፣ ከግራ ጠርዝ እኩል ጀምሮ፣ ለሄለን ልክ ያንኑ የሚያክሉ ሦስት ሣጥኖች አያይዞ ይሥራ። አሁን የሚታወቀውን ቁጥር ያስቀምጥ፦ 24 የሦስቱ ሣጥኖች ጠቅላላ ስለሆነ ከሦስቱ በላይ በአንድ ቅንፍ ይጻፋል፤ በዮናስ ሣጥን ውስጥ የጥያቄ ምልክት። ሥዕሉን አይቶ አሁንም 72 የሚል ልጅ ካለ 24ን በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ጽፎታል ማለት ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት ለሄለን አራት ሣጥን መሥራት ነው፤ «አንድ የዮናስ፣ ሌላ ሦስት ተጨማሪ» ብሎ። ሣጥኖቹ እኩል ካልሆኑም ሥዕሉ ዋጋ የለውም፤ ባለ ካሬ ደብተር ያልኩት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ ያንብበው፦ «ሄለን 24፣ ዮናስ 8፤ የ8 ሦስት እጥፍ 24 ነው?» 72ን መልሶ ቢያነበው «የ72 ሦስት እጥፍ 24 ነው?» ይሆናል፤ ያኔ ራሱ ይስቃል።

አስጠኚው

ጠመኔ 2ኛውን ጥሩ አድርጎ ጨርሶታል። እኔ 3ኛው ላይ ልጨምር፤ ምክንያቱም 12 የሚለው መልስ ከ72 የተለየ ችግር ነው የሚያሳየው። ናቲ የተጠየቀውን ትቶ ልዩነቱን ነው የሠራው። 18 ሲቀነስ 6፣ 12። ስሌቱ ትክክል፣ ጥያቄው ሌላ።

መጀመሪያ አሃዱን ያስተውል። «12 ሜትር» ብሎ ጽፏል፤ «12 ሜትር እጥፍ» የሚባል ነገር ግን የለም። «ስንት እጥፍ» የሚል ጥያቄ መልሱ ባዶ ቁጥር ነው፤ ሜትርም፣ ብርም፣ ኪሎም አይከተለውም። አሃድ ከተከተለው ልዩነት ሠርቷል ማለት ነው። ይህቺን ብቻ ቢይዝ ግማሹን ስህተት ራሱ ይይዘዋል።

ቀጥሎ በእጁ ይሥራው። አንድ 6 ሳንቲሜትር ክር፣ አንድ 18 ሳንቲሜትር ክር። አጭሩን በረጅሙ ላይ ከጫፍ ጀምሮ እያስቀመጠ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠር፦ ሦስት። እጥፍ ማለት ይሄ ነው፤ ትንሹ ትልቁ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ። ክር ከሌለ ቆርኪ ይበቃል፤ 6 ቆርኪ በአንድ ረድፍ፣ 18ቱን ደግሞ ከሥሩ በስድስት በስድስት መደርደር።

ከዚያ ሁለቱን ሐሳብ ጎን ለጎን ያያቸው። የ10 ብር እና የ50 ብር ኖት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና አራት ዓረፍተ ነገር እንዲናገር አድርጊ፦ 50ው ከ10ሩ በ40 ይበልጣል፤ 50ው የ10ሩ 5 እጥፍ ነው፤ 10ሩ ከ50ው በ40 ያንሳል፤ 10ሩ የ50ው አንድ አምስተኛ ነው። ሁሉም እውነት ናቸው። ከዚያ በ50 እና በ200 ይድገመው (በ150 ይበልጣል፣ 4 እጥፍ)። በ100 እና በ200 አትጀምሪ፤ እዚያ ልዩነቱም 100፣ ትንሹም 100 ስለሆነ ልጁ ሁለቱን ይቀላቅላል።

ገመዱን ወደ ሳንቲሜትር ለውጡት፦ 600 እና 1800። ልዩነቱ 12 የነበረው 1200 ሆነ፤ እጥፉ ግን ያው 3 ነው። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሲሶ

«በ3 እጥፍ ይበልጣል» ለሚለው፦ በቃል ደረጃ ከሄድን «በ3 ብር ይበልጣል» ሲባል 3 ብር ይደመራል፤ ስለዚህ «በ3 እጥፍ ይበልጣል» ሲባል 3 እጥፍ ይደመራል፣ 8 ሲደመር 24፣ 32 ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ ግን 24 ነው ባይ ነኝ። «ዋጋው በእጥፍ ጨመረ» ሲባል 50 የነበረው 100 ሆነ ማለት ነው፤ 150 ሆነ ብሎ የሚረዳ ሰው የለም። ያው አነጋገር ቁጥሩ 3 ሲሆን ትርጉሙ የሚቀየርበት ምክንያት የለም።

ለልጁ ጥያቄ ስታወጪለት ግን ይህን አባባል ጭራሽ አትጠቀሚበት፤ «3 እጥፍ ነው» በይው። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ቢመጣ መጀመሪያ ምርጫዎቹን ይይ፤ 24 ኖሮ 32 ከሌለ ነገሩ አልቋል። ሁለቱም ካሉ መምህሩን መጠየቅ ነው። «3 እጥፍ ያንሳል» የሚለውም ያው አሻሚ ነገር ነው፤ «ሲሶ ነው» ቢባል ይሻላል። ሄለን የዮናስ 3 እጥፍ ካላት ዮናስ የሄለን ሲሶ አለው፤ ልጁ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ገልብጦ መናገር ከቻለ መለኪያውን አግኝቶታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፤ እጥፍን በወረቀት ማጠፍ አታስረጂው። መጀመሪያ ላይ ያምራል፦ አንዴ ሲታጠፍ 2 ንብርብር፣ ሁለት እጥፍ። ሁለተኛ ሲታጠፍ ግን 4 ይሆናል፣ ሦስተኛ ሲታጠፍ 8። ልጁ «3 እጥፍ» ሲባል 3 ጊዜ ያጥፍና 8 ያገኛል። እኩል የተቆረጡ የወረቀት ቁራጮችን መደርደር ይሻላል። ደግሞ ቁጥር ሳይኖር «የዮናስ እጥፍ» ብቻ ሲባል 2 እጥፍ መሆኑን በግልጽ ይነገረው፤ አንዳንዱ ልጅ ቁጥር ስላላየ 1 እጥፍ ያደርገዋል።

የሒሳብ ክበብ

ናቲ ሣጥኑን ከለመደ በኋላ የሚመጡት ባለ ሁለት እርምጃ ጥያቄዎች ናቸው፤ አሁኑኑ ብታዘጋጁት ጥሩ ነው።

ድምር የተሰጠበት፦ «ሄለንና ዮናስ በጋራ 48 ብር አላቸው። የሄለን የዮናስ 3 እጥፍ ነው።» ብዙ ልጆች 48ን ለ3 አካፍለው 16 ይላሉ። ሥዕሉ ላይ ግን ሣጥኖቹ 3 ሳይሆኑ 4 ናቸው፣ የዮናስ 1 እና የሄለን 3። 48 ለ4፣ 12። ዮናስ 12፣ ሄለን 36። በ16 ቢፈተሽ 16 ሲደመር 48፣ 64 ይመጣል፤ አይገጥምም።

ልዩነት የተሰጠበት፦ «የሄለን የዮናስ 4 እጥፍ ሲሆን በ27 ብር ትበልጠዋለች።» ከዮናስ ሣጥን ተርፎ የሚታየው 3 ሣጥን ነው፤ 27 ለ3፣ 9። ዮናስ 9፣ ሄለን 36። ከግራ ጠርዝ እኩል መጀመር የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ሣጥኖቹ ተዛንፈው ከተሣሉ የሚተርፉትን መቁጠር አይቻልም።

ትንሽ የጎደለበት፦ «የሳራ ዕድሜ ከወንድሟ ዕድሜ 3 እጥፍ በ2 ዓመት ያንሳል። ሳራ 13 ዓመቷ ነው።» ሦስት ሣጥን ሠርቶ ከመጨረሻው ጫፍ ላይ 2ን ቆርጦ ማጥላት። የተቆረጠው ቢመለስ 15፣ ለ3 ሲካፈል 5። 2ን የቀነሰ ልጅ 11 ለ3 ላይ ይደርሳል፤ እኩል አለመካፈሉ ራሱ ምልክት ነው።

በዕድሜ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር አትዝለሉ። እናት 30፣ ልጅ 10 ከሆኑ 3 እጥፍ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ 40 እና 20፣ 2 እጥፍ። ልዩነቱ ሁሌም 20 ነው፣ እጥፉ ግን በየዓመቱ ይለወጣል። የገመዱ ተቃራኒ ማለት ነው፤ እዚያ እጥፉ ጸና፣ እዚህ ልዩነቱ። ስለዚህ «እናትየው 5 እጥፍ የነበረችው መቼ ነው?» ሲባል ከማይለወጠው ይነሣል፦ 20 የአራት ሣጥን ልክ ነው፣ አንዱ ሣጥን 5። ልጅቷ 5 ዓመት ሳለች፣ ከ5 ዓመት በፊት።

ለጨዋታ ያህል ይህንንም ጠይቁት፦ መስከረም የጳጉሜን ስንት እጥፍ ነው? 30 ለ5፣ 6 እጥፍ። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆንስ? 5 እጥፍ። መለኪያው ሲያድግ እጥፉ መቀነሱ ብዙ ልጆችን ያስገርማል።

የናቲ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሣጥኑ ገብቶታል፣ «የ»ውንም እየሠመረ ነው። ዛሬ ግን እንዲህ የሚል መጣ፦ «ጤፉ የስንዴው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ጤፉ 36 ኪሎ ነው። ስንዴው ስንት ኪሎ ነው?» አንድ ሣጥንና ግማሽ ሠራና ቆመ። በመጨረሻ 18 አለ።

ጠመኔ

18 ያለው 36ን ለ2 አካፍሎ ነው፤ «ተኩል» ሲሰማ ግማሽ አደረገው። ሥዕሉ ትክክል ነው፤ የቀረው ሣጥኖቹን እኩል ማድረግ ብቻ ነው። መለኪያው ስንዴ ነው፤ የስንዴውን ሣጥን መሐል ላይ በአንድ መስመር ለሁለት ይክፈለው። የጤፉንም ሙሉ ሣጥን እንዲሁ። አሁን ሁሉም ግማሽ ሣጥን ሆነ፤ ስንዴው 2 ግማሽ፣ ጤፉ 3 ግማሽ። 36 ለ3፣ 12፤ ስንዴው 2 ጊዜ 12፣ 24 ኪሎ። ፍተሻ፦ 24 እና የ24 ግማሽ 12፣ 36።

«ሁለት ተኩል እጥፍ» ቢመጣ ያው ነው፤ 2 ግማሽ ለ5 ግማሽ። «አንድ ከሩብ እጥፍ» ከሆነ ሣጥኑ ለአራት ይከፈላል፤ 4 ሩብ ለ5 ሩብ።

አስጠኚው

ለልምምድ በአንድ ምሽት አራት ጥያቄ ይበቃዋል፤ ግን በተመሳሳይ ቁጥሮች ይሁኑ። 8፣ 3 እና 24ን ያዢና የተለካው የጠፋበት፣ መለኪያው የጠፋበት፣ እጥፉ የጠፋበት፣ አራተኛው ደግሞ «በስንት ይበልጣል?» የሚል። ቅደም ተከተሉን በየቀኑ ቀያይሪው። ቁጥሮቹ አንድ ስለሆኑ በቁጥሩ መገመት አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ ግድ ይሆንበታል። አምስት ቀን ያህል ካለፈ በኋላ እሱ ራሱ ጥያቄ ያውጣና አንቺ መልሽለት፤ መለኪያውን እያምታታ የሚጽፍ ከሆነ ወዲያው ይታይሻል።