መንዙማ፣ ቅኔ እና «ይቻላቸዋል»፦ ለተማሪ እንዴት ይብራራ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ እህቴ የቤት ሥራ ተሰጥቷት «መንዙማና ቅኔ ምንድናቸው፣ በምን ይለያያሉ» ይላል። እሷ መንዙማን «የሙስሊም መዝሙር»፣ ቅኔን «የክርስቲያን ግጥም» ብላ ጨርሳዋለች፣ ይበቃል ትላላችሁ? ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽም «አማርኛውና ጣሊያንኛው በምን ይለያያሉ» የሚል ጥያቄ አለ።

መልስ፣ ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ውሸት አልጻፈችም ግን የወሎ ልጅ ሆና እዚህ ላይ ብታቆም ይቆጨኛል። መንዙማ ከዓረብኛ ነው የመጣው፣ ነዘመ ማለት ዶቃ በክር ሰካ፣ ደረደረ ማለት ነው፣ ከዛ ቃል ደርድሮ ቤት መምታትም በዚሁ ተጠራ፣ ስለዚህ ቃሉ ራሱ «የተገጠመ» ነው የሚለው እንጂ ስለ ዜማው አያወራም። የኛ ሸሆች ዓረብኛ ለማያውቀው ገበሬ ዲኑን በአማርኛ ያስተማሩት በመንዙማ ነው፣ አማርኛውን ደግሞ በዓረብ ፊደል ይጽፉት ነበር፣ አጀሚ የሚባለው እሱ ነው፣ ይሄን በደንብ ትጻፈው።

ቅኔ ግዕዝ ነው፣ ቀነየ ገዛ፣ ተቀንየ ተገዛ። ለፈጣሪ የሚቀርብ መገዛት ማለት ነው። እንግዲህ መንዙማ ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው፣ ቅኔ ግን ከሚቀርብበት ምክንያት፣ ለኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ደግሞ ቅኔን የጎጃም ብቻ አድርጋ እንዳታየው፣ ከጎጃሞቹ የቅኔ ቤቶች ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሳው ዋድላ እኮ እዚሁ ሰሜን ወሎ ነው።

ሰምና ወርቅ ከተጠየቀች ይቺን አሳያት፣ ለማስረዳት ብዬ አሁን የገጠምኳት ናት፦

ደጅህ ቆሜ ዋልኩኝ ቀፎው ሞልቶ ሳለ፣
አፌ ከማር በቀር ሌላ ቃል አላለ።

ሰሙ ማር የሚለምን ሰው ነው፣ ቀፎውም ለዛ ነው የገባው። ወርቁ «ማር!» ነው፣ ይቅር በል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል፣ ማር ላይ ነው ያለው፣ መጀመሪያ እሱን ትፈልግ፣ ሌላው ይከተላል።

ተጨማሪ፣ ከሐይቅ፦
የውጫሌውን እኔ ልበል። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው የተፈረመው፣ ቦታውም ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታልፉት ውጫሌ ነው። ተማሪዎች «የትርጉም ስህተት ነበረ» ብለው ያልፉታል፣ የቱ ቃል እንደሆነ ግን አይጽፉም። አማርኛው ምኒልክ ከኤሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ነው የሚለው። ይቻላቸዋል ማለት ሲፈልጉ ያደርጉታል፣ ሳይፈልጉ ይተዉታል፣ ማንም አያስገድዳቸውም። ጣሊያንኛው ግን ንጉሡ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል፣ ሮም ይሄን ይዛ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፣ ከዛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ መጣ። እህትሽ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ትጻፋቸው፣ አንዱ ምርጫ ነው ሌላው ግዴታ፣ መልሱ እዛ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። አሁን ቁጭ ብላ እንደገና እየጻፈች ነው። አንድ ነገር ቀረ፣ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ስንት ቤት ነው ትላለች?

ከደሴ፦
ሁለት ነው። በዪ በርቺ በያት።