ብሬስ ያሰራችሁ እስኪ እርዱኝ፣ ድዴ እየደማ ነው

ቤቲ_ጀሞ፦
ሰላም ናችሁ ወይ። ብሬስ፣ የጥርስ ማስተካከያውን ማለቴ ነው፣ ካሰርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ፣ የላይም የታችም፣ ብረቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ነበር አሁን ግን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ በተለይ የታች የፊት ጥርሶቼ ጋ ድዱ አብጦ ብራኬቱን፣ ጥርሱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት፣ ሊነካው ምንም አልቀረው። እናቴ ስታየው ደንግጣ "ተይው አትነካኪው፣ ይረፍ" አለችኝ፣ እና አሁን የሚደማበትን እየዘለልኩ ነው የምቦርሸው። ሌላው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው የሽቦ ጫፍ ጉንጬን እየወጋ አቁስሎኛል፣ በርበሬ የነካው ነገር ስበላ እንባዬ ነው የሚመጣው። ክሊኒኩ ጋ ስደውል "በቀጠሮሽ ነይ" አሉኝ፣ ቀጠሮዬ ደግሞ ገና ነው። ሲያስሩልኝም ጠንካራ ነገር አትብዪ ከማለት ውጪ ስለ አጸዳዱ ምንም አልነገሩኝም። በምንድነው የምታጸዱት? ምን ትበላላችሁ? መፋቂያስ ይቻላል? ገና ከፍዬ ያልጨረስኩት ነገር ነው፣ ጥርሴ ተስተካክሎ ግን ተበላሽቶ እንዳይወጣ በጣም ፈርቻለሁ።

ሲስተር_ሀ፦
ቤቲዬ አይዞሽ፣ እኔ ጥርስ ክሊኒክ ነው የምሰራው፣ ይሄንን በየቀኑ ነው የምናየው። መጀመሪያ አንድ ነገር፣ የሚደማውን ቦታ መዝለል ዛሬውኑ አቁሚ። እናትሽ ለአንቺ አስበው ነው ግን ድዱ የሚደማው ብሩሹ ስለጎዳው አይደለም፣ በብራኬቱና በድዱ መሃል ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነጭ ለስላሳ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ እሱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው ድዱን የሚያስቆጣው። ስትዘልዪው ቆሻሻው ይጨምራል፣ ድዱ ያብጣል፣ ያበጠ ድድ ደግሞ ቆሻሻውን ይሸፍነዋልና ጭራሽ ለማጽዳት ይከብዳል። ለስለስ አድርገሽ ግን በደንብ ካጸዳሽው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ወይ መግል ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ መታየት አለብሽ።

አቦራረሹ እንዲህ ነው። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። መጀመሪያ ከብራኬቱ በላይ፣ ብሩሹን ጋደል አድርገሽ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ታስቀምጪና ትንንሽ ክብ እየሰራሽ በቀስታ ትሄጃለሽ፣ ከዛ ከብራኬቱ በታች እንደዛው፣ ከዛ ብራኬቱን ራሱን ፊት ለፊት፣ ከዛ የውስጡን እና የምታኝኪበትን። የሚባለው ሁለት ደቂቃ ብሬስ ለሌለው ሰው ነው፣ አንቺ ከዛ በላይ ያስፈልግሻል። ከሽቦው ስር ለመግባት በጥርስ መሃል የምትገባዋን ቀጭን ብሩሽ ፋርማሲ ጠይቂ፣ ከላይም ከታችም አስገብተሽ በእያንዳንዱ ብራኬት ጎንና ጎን ታሺያለሽ። ስትጨርሺ መስታወት ጋ ብርሃን ያለበት ቁሚና ከንፈርሽን ገልጠሽ እዪ፣ ብረቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነና ዙሪያውን ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየሽ ጸድቷል፣ ደብዘዝ ካለ ወይ ዳርና ዳሩ ላይ ነጣ ያለ ነገር ካለ ገና ነው፣ እዛው ላይ ድገሚ።

ፓስታው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፣ ቱቦው ላይ 1450 ፒፒኤም አካባቢ (የፍሎራይዱ መጠን ነው) የሚል ፈልጊ። ስትጨርሺ አረፋውን ትፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪ፣ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ይሄን አጥብቄ የምነግርሽ ለምን መሰለሽ፣ ድድ ይድናል፣ በቀላሉ የማይመለሰው ሌላ ነው። ቆሻሻው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከስኳር አሲድ ይሰራል፣ አሲዱ ከጥርሱ ላይ ማዕድኑን እየነቀለ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ብሬሱ ሲፈታ ብራኬቱ የነበረበት ንጹህ ሆኖ ዙሪያውን ነጭ ፍሬም ይዞ የሚቀር ሰው አለ፣ ሲስቅ ከሩቅ ይታያል። ልጆቹ መስታወት አይተው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት በጣም ያሳዝናል፣ መከላከል ይቻል ነበር እኮ።

እናት_ሳሪስ፦
የኔ ልጅ እኔ ደግሞ የልጄን ነው የምነግርሽ፣ እሷም አስራለች። ለሚወጋሽ ሽቦ ፋርማሲ ሄደሽ የብሬስ ሰም በያቸው፣ በትንሽዬ ፕላስቲክ ነው የሚመጣው። የጧፍ ሰም እንዳይመስልሽ እሱን አፍሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። እጅሽን ታጠቢና የምስር ፍሬ የምታህል ቆርሰሽ በጣትሽ አድቦልቢያት፣ የሽቦውን ጫፍ በንጹህ ሶፍት አድርቂው፣ እርጥብ ከሆነ አይዝም፣ ከዛ ጫን አድርገሽ ለጥፊው። ስትበዪ አውጪው ስትጨርሺ አዲስ አድርጊ። ለቁስሉ ሞቅ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ በቀን ሁለት ሦስቴ ተጉመጥመጪ፣ ልጄን በደንብ ነው ያስታገሰላት።

ምግብ ላይ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቃ እርሺው፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የተጠበሰ በቆሎ ከነአገዳው፣ አጥንት መጋጥ፣ ማስቲካ፣ ደረቅ ከረሜላ፣ እነዚህ ብራኬት ይነቅላሉ። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ሲቀርብ እጅ ይሄዳል አውቃለሁ፣ ግን ያቺ ቀጭን ልጣጩ ድድ ስር ገብታ ትቀራለች። ብርቱካንም ፖምም ቆራርጠሽ በኋላ ጥርስሽ ብዪ። ሽቦው በተጠበቀ ሰሞን ጥርሷ ሲነዛዘዛት ገንፎ፣ የአጃ ሾርባ፣ ለስለስ ያለ ሽሮ ፍትፍት አድርጌ ነበር የምሰጣት፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ይተዋታል። እንጀራ ለስላሳ ነው ምንም አይልሽም፣ ግን ሽቦው መሃል ተጠቅጥቆ ይቀራልና ከበላሽ በኋላ ቢያንስ በውሃ ተጉመጥመጪ። እና ደግሞ አልጫ ስትበዪ እርዱ ብራኬቱ ላይ ያለውን ነጭ ላስቲክ ቢጫ ያደርገዋል፣ እሱ ቆሻሻ አይደለም አትደንግጪ፣ ላስቲኩ ሲቀየር ይሄዳል።

አብዱ_ቨርጂኒያ፦
እኔ እዚህ ዋተር ፍሎሰር ነው የምጠቀመው፣ በውሃ ግፊት በሽቦው ስር የተቀረቀረውን ያወጣል፣ ስጋ ስበላ በጣም ነው የረዳኝ። ግን ሐኪሜ ያለኝ ብሩሽን አይተካም፣ የተጣበቀውን ቆሻሻ በደንብ የሚያነሳው መታሸቱ ነው። ስለዚህ እሱን ለመግዛት ብለሽ አትጨናነቂ፣ ቀጭኗ ብሩሽ ትበቃሻለች። ለስላሳ መጠጥ ግን ቀንሺ፣ በተለይ አንዷን ኮካ ከሰዓት ሙሉ እየተጎነጩ መዋል፣ ጥርሱ ከአሲዱ ፋታ አያገኝም። ሻይ ላይ የምናበዛትን ስኳርም አብረሽ ቀንሺ። ረመዳን ሲሆን እኔ ከሱሁር በኋላ ከአዛኑ በፊት በደንብ ቦርሼ ነው የምነይተው፣ ማታ ደግሞ ከተራዊህ ስመለስ ሳልቦርሽ አልተኛም።

የአዳማ_ልጅ፦
ሲስተር ጥያቄ አለኝ፣ እኔ ጥርሴ በውሃው ምክንያት ቡናማ ነው፣ እዚህ አካባቢ ያደገ ብዙ ሰው እንደዛ ነው። ብሬስ ማሰር እችላለሁ? ብራኬቱ ሁለቴ ወልቆበታል ያለኝ ጓደኛ አለኝ። ደግሞ በከሰልና በአመድ ካሸኸው ይነጣል የሚሉኝ አሉ።

ሲስተር_ሀ፦
ወንድሜ ትችላለህ። በስምጥ ሸለቆ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በዝዋይ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ያ ቡናማ የሆነው ልጅ ሆነህ ጥርስህ ገና ድድ ውስጥ ሲሰራ ነው፣ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ስለዚህ ከሰልም አመድም ብታሸው አይወጣም፣ የጥርሱን ሽፋን ነው የምትፍቀው፣ እባክህ እንዳታደርገው። እንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ማጣበቂያው እንደሌላው ላይይዝ ይችላል፣ የጓደኛህም ከዛ ሊሆን ይችላል፣ ከመታሰሩ በፊት ለሐኪሙ ንገረውና ጥርሱን በዛ መሠረት ያዘጋጀዋል። በፓስታ ያለው ፍሎራይድ ያባብስብኛል ብለህም አትፍራ፣ ለአዋቂ ጥርስ ተሰርቶ ያለቀ ነው፣ ከላይ ተቀብቶ የሚተፋው ይጠቅመዋል። መጠንቀቅ ያለብን ፓስታ ለሚውጡ ትንንሽ ልጆች ነው።

ቤቲዬ መፋቂያ ላልሽው፣ ወይራም ክትክታም ጥሩ ነው እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ብራኬቱ በኩል ጭራሮው ሽቦው ላይ ይያዛል፣ ከስሩም አይገባልሽም። የውስጡን በኩል ጫፉን በደንብ አኝከሽ አለስልሰሽ በቀስታ መጠቀም ትችያለሽ፣ ከብሩሹ ተጨማሪ ሆኖ እንጂ በሱ ፈንታ አይደለም።

ቤቲ_ጀሞ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም፣ እናቴንም አስነበብኳት። ሰሙን ዛሬ ከፋርማሲ አገኘሁ፣ ለጥፌው እራት ሳላለቅስ በላሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የሚወጋውን ሽቦ ወንድሜ በጥፍር መቁረጫ ልቁረጥልሽ እያለ ነው፣ ይቻላል?

ሲስተር_ሀ፦
አይሆንም፣ የተቆረጠችውን ልትውጫት ትችያለሽ፣ ጥፍር መቁረጫውም ንጹህ አይደለም፣ ቀሪውም ጫፍ ከበፊቱ የባሰ ሹል ይሆናል። ቀጭን ከሆነ በንጹህ የጥጥ እንጨት ጫፍ ወደ ጥርሱ ቀስ አድርገሽ አጠፍ አድርጊው፣ እምቢ ካለ ሰሙን አስቀጥዪ። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ደውዪና ቀጠሮ መጠየቅ ሳይሆን "ሽቦው ወግቶ አቁስሎኛል፣ ድዴም አብጧል" ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ እሱን መቁረጥ የጥቂት ደቂቃ ስራ ነው፣ ድድሽንም አብረው ይዩልሽ። ቁስሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልዳነም ዝም እንዳትዪ።