ጅማ፦ ልጄን «ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጊለት» አሉኝ፤ ከየት ልጀምር?

የናቲ እናት (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው። ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዩኬጂ ይማራል። ሰሞኑን ከኬጂው ጠርተውኝ «ኦቲዝም ሳይኖርበት አይቀርም፤ እኛ እንደዚህ ላለ ልጅ አልተዘጋጀንም፤ ለከርሞ ሌላ ፈልጊለት» አሉኝ። ሁሉንም በቃል ነው ያሉኝ፤ በወረቀት የሰጡኝ ነገር የለም።

ልጁን ሐኪም አይቶት አያውቅም። ፊደል ከሀ እስከ ፐ ያነባል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ግድግዳ ላይ ከለጠፍነው ገበታ ነው የያዘው። ውሃ ሲጠማው ግን «ውሃ ልስጥህ?» ነው የሚለኝ። «ስጪኝ» ብሎ አያውቅም። ስሙን ስጠራው አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ የሰማም አይመስል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይተኛል፤ እነሱን ያማረራቸውም ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ቆርኪ በመስመር ይደረድራል። አንዷን ካነሱበት እሪታው ሰፈር ይሰማል።

አማቴ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፣ ተዪው» ይላሉ። ጎረቤት ዓይን በልቶት ነው ይላል። መምህርቷ ደግሞ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተደበላልቆበት ነው፣ አንዱን ተዉለት ብላኛለች። አያቱ የሚያጫውቱት በአፋን ኦሮሞ ነው።

ጅማ የት ይመረመራል? ወይስ አዲስ አበባ መውሰድ ግድ ነው? ምርመራው እስኪያልቅ ከትምህርት ቤት ላስቀረው? ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ጡት የምትጠባ ሕፃንም አለችኝ።

ሲስተር ዘ፦

እህቴ፣ እዚሁ ጅማ መጀመር ትችያለሽ። እኔም እዚህ ከተማ የምሠራ ነርስ ነኝ።

መጀመሪያ ጆሮውን አሳዪ። ስሙ ሲጠራ አንዴ የሚሰማ አንዴ የሚተው ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የሚቋጥር፣ መግል የሚወጣው ልጅ ብዙ ነው። «ድምፅ ማጉያ የሚረብሸው ቢሰማ አይደል?» እንዳትዪ፤ ኃይለኛውን ድምፅ እየሰማ ለስለስ ያለው የንግግር ድምፅ የሚያመልጠው ልጅ አለ። ስለዚህ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ይታይ።

የጤና መድን ካላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂጂ። ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፊ፤ አለዚያ ከኪስሽ ነው የምትከፍዪው። ከዚያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የሕፃናት ክፍልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትሄጃለሽ። «አእምሮ» የሚለው ሰሌዳ አያስደንግጥሽ። እንዲህ ያለውን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ እዚያ ታየ ማለት ልጅሽ አበደ ማለት አይደለም።

ኦቲዝም በደም፣ በራጅ፣ በሲቲ ስካን የሚገኝ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ልጁን አይቶ፣ አንቺንና መምህርቷን ጠይቆ ነው የሚወስነው። «ጭንቅላቱን እናንሣው» የሚልሽ ካለ ምን ፈልገው እንደሆነ ጠይቂ። ናቲ ጥሎት የሚያውቅ፣ ወይም ድንገት ፍዝዝ ብሎ የሚቀር ከሆነ ግን ሳትደብቂ ተናገሪ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች በላይ ይታያል፤ የራሱ ምርመራም የራሱ መድኃኒትም አለው።

የክትባት ካርዱን ያዢ። በስልክሽ ደግሞ አጫጭር ቪዲዮ ቅረጪ፤ ቆርኪ ሲደረድር፣ ስሙን ስትጠሪው፣ «ልስጥህ» ሲልሽ። ልጆች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ወይ ድርቅ ይላሉ ወይ ያለቅሳሉ፤ ቤት የሚያደርጉትን አያሳዩም። ምጥሽ እንዴት እንደነበር፣ ሲወለድ ወዲያው አልቅሶ እንደሆነ፣ መቼ ዳዴ እንዳለና መቼ እንደሄደ ይጠይቁሻል። ቀድሞ ይናገረው የነበረ፣ ኋላ የተወው ቃል ካለ በተለይ አስታውሺ።

የሁለት ልጆች አባት፦

ኬጂው ምን አግብቶት ነው «አለበት» የሚለው? ሐኪም ናቸው? ደግሞ የዓመቱን ክፍያ ተቀብለው! እኔ ብሆን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነበር የምከሳቸው።

መምህር ከሂርማታ፦

ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል። ግን የናቲ እናት ነገ ጠዋት ልጁን ይዛ የምትሄደው እዚያው በር ላይ ነው፤ ክሱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። እኔ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ።

እህቴ፣ በፍጹም አታስቀሪው። ምርመራው ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ ቤት የተቀመጠ ልጅ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚቸገረው። ለመማር የሐኪም ወረቀት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀብላ አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 በአካል ጉዳት ምክንያት ልጅ ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ይህን እወቂው፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ አትወርውሪባቸው። አብዛኛው መምህር ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። ስልሳ ልጅ ይዞ የቆመን መምህር «ተረዳው» ብትዪው ምንም አልነገርሽውም።

የሚሠራ ነገር ይዘሽ ሂጂ። ለምሳሌ ሰልፉ ካለቀ በኋላ ይግባ። ምንም የሚያወጡት ወጪ የለም፤ መሬት ላይ መተኛቱም ለጊዜው ይቀራል። ትምህርት ቤታችሁ ደወሉ የተንጠለጠለ ቸርኬ ከሆነ ደግሞ፣ ከመደወሉ በፊት መምህርቷ «ሊደወል ነው» ብላ ጆሮውን እንዲይዝ ታድርገው። የሚቀመጠው ፊት ለፊት፣ በግድግዳው በኩል ይሁን። በካርቶን ላይ የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል ሥሪለት፤ ደብተር፣ ምሳ ዕቃ፣ ኳስ፣ ቤት። ያለቀውን እየገለበጠ ይሄዳል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲያውቅ እሪታው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል።

ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ እስኪከፈት አትጠብቂ። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የልዩ ፍላጎት ባለሙያው ማን እንደሆነ ጠይቂ፤ ለሰፈርሽ ቅርብ ከሆኑት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዚህ የሠለጠነ መምህር ወይም የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የትኛው እንደሆነ ይንገሩሽ። ስም ያለው የግል ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ይሻላል ብለሽ አትነሺ። እንዲህ ላሉ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት የተሻለ ልብ ያለው መምህር አይቻለሁ።

ስለ ቋንቋው፦ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ ኦቲዝም ያለበትንም ልጅ ንግግር አያዘገይም። አያቱን ዝም አታሰኙብኝ! ከልጁ ጋር የሚያወራ ሰው ይጨመር እንጂ አይቀነስ።

ምሕረት፦

ሁሉም ነገር ሐኪም አይደለም። የአክስቴ ልጅ እንዲሁ ነበር፤ ጸበል ሁለት ሳምንት አስጠምቀውት ነው የተናገረው። እናት፣ መጀመሪያ እዚያ ውሰጂው።

ሲስተር ዘ፦

ምሕረት፣ ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክላትም፤ ለእናትየዋም ብርታት ነው። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ለጸበል ብሎ እንዳያቋርጥ። ልጅም እንዳይታሰር፣ እንዳይጾም። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲፈስበት ከሌላ ልጅ ይልቅ የሚጨነቅ ልጅ ነው፤ ቀስ ብለው እግሩን ያስነኩት። ሪፈሩንም በዚያው ሳምንት ታጽፍ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅ።

የአጂፗ፦

የኔ ልጅ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባም ጅማም ታይታለች። ሌላውን እነሱ ብለዋል፤ እኔ ስለዚያ «ልስጥህ» ላውራ።

ናቲ ተሳስቶ አይደለም እንደዚያ የሚለው። ውሃ በመጣ ቁጥር ከአፍሽ የሚሰማው «ውሃ ልስጥህ?» ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ውሃ የሚያመጣው ቃል ያ ነው። አንቺን እያናገረሽ ነው። «እንደዚያ አይባልም» ብለሽ አታርሚው። ብርጭቆውን ይዘሽ በእሱ ቦታ ሆነሽ «ውሃ ስጪኝ» በዪ፣ ወዲያውም ስጪው። ይድገመው ብለሽ ውሃውን አታስጠብቂው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ መጠየቁን ተዪና ልክ ሲፈልግ እሱ ሊለው የሚገባውን አንቺ በዪለት፤ «እንጀራ ስጪኝ»፣ «ክፈቺልኝ»፣ «በቃኝ»። በተለይ «በቃኝ»ን። የኔዋ «በቃኝ» ማለት ከለመደች በኋላ ነው መንከሷን የተወችው።

ቆርኪውን ስለመደርደሩ ብዙ አትጨነቂ። አጠገቡ ተቀምጠሽ አንዷን አቀብዪው፣ ተራ ጠብቂ፤ ጨዋታ ከዚያ ይጀመራል።

ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ይጠፋል? ከቤት ወጥቶ የሚሮጥ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አስቢ። እኛ ከተማ መሀል አዌቱ ወንዝ አለ፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ውሃ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። የግቢው በር መቀርቀሪያ እጁ ከማይደርስበት ይሁን። ስልክ ቁጥርሽን ልብሱ ውስጥ በኩል በማይለቅ ቀለም ጻፊ። ሰፈራችሁ የሚቆሙትን የባጃጅ ልጆች «ይህ ልጅ ብቻውን ከታየ ጥሩኝ» በያቸው፤ ከማንም በላይ የሚጠቅሙሽ እነሱ ናቸው። ጎረቤት እንዳያውቅ ብለሽ ከደበቅሽው የሚፈልግልሽም አይኖርም።

ስለ አዲስ አበባ፦ መንገዱ ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ቀላል ጉዞ አይደለም። የጅማ ሐኪም ሂጂ ሲልሽ፣ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እዚያ ነው፣ ነህምያ የሚባል ሌላ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ግን ማዕከሎች ብዙ ተጠባባቂ ስላላቸው፣ ሻንጣ ከማሰርሽ በፊት ደውዪ።

አባ ቢያ፦

ጥያቄ ላስገባ፣ ይቅርታ። የኔ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጎበዝ ተናጋሪ ነው ግን ማንበብ እምቢ አለው። «ለ»ንና «ሰ»ን ያምታታል፣ በቁቤ ደግሞ ቢንና ዲን ይገለብጣል። ቁጭ አይልም። ይህም ኦቲዝም ነው?

መምህር ከሂርማታ፦

ከምትለው ኦቲዝም አይመስልም። የንባብ ችግርና የትኩረት ችግር ናቸው ሊጣሩ የሚገባቸው፤ ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምር። የትኩረት ችግር የሚባለው ደግሞ ቤትም ትምህርት ቤትም ሲታይና ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ነው፤ ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ምናልባት ትምህርቱ ስላልገባው ይሆናል። ሰነፍ እያላችሁ አትምቱት። ቀሪውን ለብቻው ጥያቄ ክፈትና እንነጋገር፣ የናቲ እናት ነገር እንዳይጠፋብን።

የናቲ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የአጂፗ እህቴ፣ «ውሃ ስጪኝ» እያልኩ ስሰጠው ውዬ ባለቤቴ ከመንገድ ሲገባ «ማን ለማን ነው የሚሰጠው?» ብሎ ሳቀብኝ። ልጁ ገና አላለም፣ ግን አፌን ያያል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ ሰው ክትባት ነው ያመጣበት ብሎኝ የትንሿን የዘጠኝ ወር ኩፍኝ አላስከተብኩም። ልክ ነኝ? ደግሞስ ለሐኪሙ ከኬጂው የሚያስፈልግ ወረቀት አለ?

ሲስተር ዘ፦

አስከትቢያት፣ በዚሁ ሳምንት። ያን ወሬ ያስነሣው በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት በሚባል የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል፣ ጸሐፊውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በብዙ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ ግንኙነት አልተገኘም። ኩፍኝ ግን ልጅ ይገድላል። የናቲ ነገር በእርግዝናሽ ስለተበሳጨሽ ወይም ሥራ ስለወጣሽም የመጣ አይደለም፤ እሱን ማንም እንዳያስወራሽ። ትንሿን ደግሞ በአንድ ዓመቷ ስሟ ሲጠራ መዞሯን፣ የፈለገችውን በጣቷ ማሳየት መጀመሯን ተከታተዪ፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወንድምና እህት ላይ ዕድሉ ከፍ ስለሚል ነው እንጂ አሁን የምትፈሪው ነገር ኖሮ አይደለም።

ከኬጂው ደብዳቤ ጠይቂ። መምህርቷ ክፍል ውስጥ የምታየውን ትጻፍ፤ ከልጆች ጋር ምን ያደርጋል፣ ትእዛዝ ሲሰጠው ምን ያደርጋል፣ ምን ያስለቅሰዋል። «ኦቲዝም አለበት» የሚል አይጻፍ፤ እሱ የሐኪሙ ሥራ ነው።

የናቲ እናት፦

ማኅተም ያስፈልገዋል?

መምህር ከሂርማታ፦

ማኅተምም ቀንም ይኑረው። ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ካርድ ክፍል ስትሄጂም ሰው አስከትዪ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አንዳችሁ ስትሰለፉ አንዳችሁ ናቲን ውጭ ዛፍ ሥር ይዛችሁ ቆዩ።

የአጂፗ፦

ሰው ካጣሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ከሐሙስ ገበያ በቀር ሁልጊዜ ቤት ነኝ።