ማስተካከያው የማይጸናለት የቅየሳ ሌቭል

ፍኖተ ሰላም አካባቢ ለሚቆፈር የመስኖ ቦይ ከፍታ የምለካበት አውቶማቲክ ሌቭል አስቸግሮኛል። በ50 ሜትር ርቀት ሁለት ችካሎች ተክዬ መሣሪያውን መሐል ላይ አቁሜ ስለካ የከፍታው ልዩነት 0.144 ሜትር ሲሆን፣ ከአንደኛው ችካል 2 ሜትር ያህል ብቻ ርቄ ስደግመው ግን 0.130 ሆነ። ቦዩ በ50 ሜትር የሚወርደው 25 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ የ14 ሚሊሜትር ስህተት በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። የመስቀለኛውን መስመር (በመነጽሩ ውስጥ የሚታየውን የማንበቢያ መስመር) ማስተካከያ ብሎን ቀስ እያልሁ አዙሬ ስህተቱን ወደ 1 ሚሊሜትር አወረድሁት፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው ከመጋዘን ሳይወጣ አድሮ በማግስቱ ስፈትነው ስህተቱ ተመልሶ አገኘሁት። ክብ አረፋው መሐል ላይ ነው፣ የማቆሚያው እግሮችም ጠብቀዋል፤ ሌቭሉን በጣቴ መታ ሳደርገው ግን ምስሉ አንዳንዴ ወደ ነበረበት አይመለስም። ችግሩ የብሎኑ መላላት ይሁን ወይስ የኮምፔንሴተሩ (የእይታ መስመሩን በራሱ አግድም የሚያደርገው፣ ውስጥ የተንጠለጠለው ክፍል) ተይዞ መቅረት፣ መሣሪያውን ሳልፈታ እዚሁ ሜዳ ላይ በምን ፈተና ልለየው እችላለሁ?