«በምሽጉ ውስጥ ያለው ምሽግ»፦ አልካሳባን በአማርኛ ምን እንበለው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለቤቱ። በስፔን ስላለው የግራናዳው አልሐምራ የተጻፈ የጉብኝት መምሪያ እየተረጎምኩ አንድ መስመር ላይ ተቸክያለሁ። ረቂቄ ይኸውና፦ «በአልሐምራ ምሽግ ውስጥ፣ በምዕራብ ጫፍ፣ አልካሳባ የተባለ ምሽግ አለ፤ ይህም ምሽግ ከምሽጉ ክፍሎች ሁሉ ጥንታዊው ነው።» በአንድ ትንፋሽ አራት ምሽግ! አልካሳባ የወታደሩ ክፍል ነው። አልሐምራ ግን ቤተ መንግሥቱን፣ መስጊዱን፣ መታጠቢያውን፣ የእጅ ባለሙያውን ሰፈር ሁሉ አቅፎ 1,730 ሜትር ያህል ቅጥር የዞረው ኮረብታ ነው። ለሁለቱ ሁለት ቃል ስጡኝ። ዐርብ አስረክባለሁ።

ግንበኛው፦
እኅቴ፣ መጀመሪያ «ምሽግ» የሚለው ይውጣ። ምሽግ ይቆፈራል፣ ይያዛል፣ ይሰበራል፤ ጦሩ ሲነሣ ጉድጓዱ ይቀራል። አልካሳባ ላይ የቆመው ቶሬ ዴ ላ ቬላ ግን ጎኑ 16 ሜትር፣ ቁመቱ 27 ሜትር ያህል፣ ባለ አራት ፎቅ ማማ ነው። ይህን ምሽግ ማለት ግመልን ፍየል ማለት ነው።

«ግንብ» ለማለትም አትቸኩይ። ግንብ በእኛ አፍ ድንጋይና ኖራ ነው። የአልሐምራ ግድግዳ ደግሞ በብዛት ስፔኖች ታፒያ የሚሉት፣ በካሳፎርማ ውስጥ የተወቀጠ አፈር ነው። ሁለት የሳንቃ ገበታ ትይዩ ይቆማል፤ ከሥሩ አግዳሚ እንጨት ይሸከመዋል። የኮረብታው ቀይ አፈር ከነጠጠሩ ከኖራ ጋር ይደባለቃል። ውሃው እፍኝ ሲጨብጡት የሚይዝ፣ እጅ ግን የማያረጥብ መሆን አለበት። ከስንዝር በሳሳ ንጣፍ እየተጨመረ ይወቀጣል። ሳጥኑ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሞላ ይፈታና ወደ ጎን ይሻገራል። ዛሬ በግድግዳው ላይ በረድፍ የሚታዩት ቀዳዳዎች የአግዳሚዎቹ ቦታ ናቸው፤ የጥይት ወይም የቀስት ቀዳዳ ናቸው ብለሽ እንዳትተረጉሚ።

ውሃ ከበዛበት ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ካነሰው አይያያዝም፣ በጣት ይፈርሳል። እግሩ ከድንጋይ መሠረት ላይ ካልተነሣ እርጥበት ከታች እየጠጣ ቆዳው ይላጣል። ኖራው ወደ ውጭ ፊቱ ይበዛል፤ ያ ቅርፊት ከወደቀ ዝናብ ሆዱን ይበላዋል። በሲሚንቶ የለጠፉት እንደሆነ ደግሞ እርጥበቱ ይታፈንና ልጣፉ ከነገላው ይወርዳል።

ቆሎ ተማሪ፦
ግንበኛው ጭቃ ካነሡበት ማን ያስቆመዋል! ቃሉ ዳዊት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ምን ያስጨንቃል? አልሐምራ «ጸወን»፣ አልካሳባ «ማኅፈድ»። አለቀ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አላለቀም የኔታ። ማኅፈድ ማማ ነው፤ አንድ ነው። አልካሳባ ግን ቬላ፣ ኦሜናሄ፣ ኬብራዳ የሚባሉ ማማዎችን በቅጥር ያያያዘ ግቢ ነው፤ መካከሉ ላይ የዘበኞቹ ሰፈር አለ። ጠባብ መንገድ፣ የትንንሽ ቤቶች መሠረት፣ መታጠቢያ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ እንዲሁም አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ ወደ መሬት የተቆፈረ የእስረኞች ጉድጓድ። ይህን ሁሉ ማኅፈድ አይችለውም።

«ጸወን» ደግሞ መጠጊያነቱን እንጂ ቅርጹን አይናገርም። ጫካም ጸወን ይሆናል።

ቆሎ ተማሪ፦
እንግዲያስ ግእዙ ለከተማ ቅጥር «ጥቅም» ይላል። «ጥቅመ አልሐምራ»።

ተርጓሚዋ፦
አንባቢዬ «የአልሐምራ ጥቅም» ሲያይ የአክሲዮን ማስታወቂያ ይመስለዋል።

ፊደል ቆጣሪ፦
በዳዊት ሃምሳኛው «አረፋቲሃ ለኢየሩሳሌም» ይላል፤ ነጠላው «አረፍት» ነው። «የአልሐምራ አረፍት» ብትይ ግን ዓመታዊ ፈቃድ ይሆንብሻል። በጉብኝት መምሪያ ላይ ባይከፋም።

ቆሎ ተማሪ፦
ስቃችሁ ስትጨርሱ ሥሩን ላሳያችሁ። አልካሳባ በዐረብኛ «አልቀጸባ» ነው፤ ቀ-ጸ-በ። በግእዝ ቀጸበ ማለት በዐይን ጠቀሰ ማለት ነው፤ «በቅጽበት» የምንለው ከዚያ ነው። ቶሬ ዴ ላ ቬላ ቆላውን ሁሉ የሚያይ፣ በምልክት የሚጣቀስ ማማ አይደለም? ስለዚህ አልካሳባ ማለት «ጥቅሻ» ነው።

የጂዳው፦
ፊደሉ ገጠመ ማለት ዘሩ ገጠመ ማለት አይደለም፣ የኔታ። በዐረብኛ ቀጸባ መቁረጥም ነው፣ ሸምበቆም ነው፤ በከተማ ሲነገር ደግሞ የገዢው መቀመጫ የሆነው የተመሸገ እምብርት ነው። ለአልሜሪያውም፣ ለማላጋውም፣ ለአልጀርሱም ቃሉ ይኸው ነው። ጥቅሻ የለበትም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዘር ከተነሣስ ስፔኖች የተመሸገ ቤተ መንግሥት የሚሉበት «አልካዛር» ይሻላል። እርሱ «አልቀጽር» ነው፤ ቅጽር! ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የምንለው ራሱ።

የጂዳው፦
እዚህ ላይ እንጣላለን። ቀጽር የሚለው የዐረብኛ ስም ከላቲኑ «ካስትሩም» ዞሮ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ በስፋት ተይዟል፤ ካስትሩም የሮማውያን የጦር ሰፈር ነው። ወሰነ፣ ከለከለ የሚለው የዐረብኛ ግስ ግን የራሱ ነው። የእናንተ ቅጽር ለዚያ ግስ ዘመድ ይሁን፤ ለስሙ ግን ጎረቤት እንጂ ወንድም አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጎረቤትም ቢሆን ቡና ያጣጣል። እኔ የያዝኩት ትርጉሙን ነው፤ ቅጽር የሚከብበው ነው ወይስ የተከበበው? «በቅጽሩ ተቀበረ» ስንል ግቢው ነው፤ «ቅጽሩን ዘለለ» ስንል ግድግዳው ነው። አልካሳባ ሁለቱንም ስለሆነ ልክ ይመጣለታል።

ቆሎ ተማሪ፦
በአማርኛ «ቅጥር» ብለህ ጻፈውና «የአልካሳባ ቅጥር» ተብሎ የሥራ ማመልከቻ ይጎርፍልሃል።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን አሠራር እነሣለሁ። ክበብ በክበብ ውስጥ ሲሆን ቃል አጥተን አናውቅም፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። አልሐምራ ቅጽር፣ በውስጡ ያለው አልካሳባ ደግሞ እንደ መቅደሱ የራሱ ስም ይውጣለት።

ግንበኛው፦
የኔታ፣ ምሳሌው ያምራል፤ ፕላኑ ግን አይቀበለውም። መቅደስ መካከል ነው። አልካሳባ የኮረብታው አፍንጫ ነው፤ ከምዕራብ ጫፍ ከተማዪቱን ቁልቁል ያያል። ከቤተ መንግሥቱም ሸለቆ ይለየው ነበር። ዛሬ ጎብኚ የሚሰለፍበት የጉድጓዶቹ አደባባይ ያ ሸለቆ ነው፤ ግራናዳ በ1492 እ.ኤ.አ. ለስፔን ነገሥታት እጅ ከሰጠች በኋላ፣ በ1494፣ የቴንዲያው ኮንት የውሃ ማጠራቀሚያ ሠርቶበት ነው የተደለደለው። ስለዚህ ተርጓሚዋ «ምሽግ» ከሚለው ይልቅ መጠርጠር ያለባት «ውስጥ» የሚለውን ነው። የግራናዳው ንጉሥ ሙሐመድ ኢብን አል አሕመር በ1238 እ.ኤ.አ. ወደ ኮረብታው ሲወጣ አስቀድሞ የያዘው ይህንኑ አሮጌ ምሽግ ነው፤ የቀረው ከዚያ ወደ ምሥራቅ እያደገ ሄደ። ትልቁ ትንሹን አልዋጠም፤ ትንሹ ነው ትልቁን የወለደው።

ውሃውም ይህን ያሳያል። አልካሳባ ብቻውን በዝናብ ጉድጓድ ይኖር ይሆናል፤ ከተማ ግን አይኖርም። ስለዚህ ከዳሮ ወንዝ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሄደው ቦይ ጠለፉ፤ አሴኪያ ሪያል ይባላል። ቦዩ ከተቆረጠ ግን ግድግዳው ቢጸናም ሰዉ ይጠማል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ምሽግ የሚለው ይውጣ ያልከው አንተ፣ አሁን ደግሞ «አሮጌ ምሽግ» አልክ።

ግንበኛው፦
አመለጠኝ።

ተርጓሚዋ፦
እሺ፣ «ውስጥ»ን ሰረዝኩ። ስሙንስ? የቀድሞው ተርጓሚ አልሐምራን «ሐምራዊው ግንብ» ብሎታል።

የጂዳው፦
ሐምራዊ በዛሬ አማርኛ ወደ ወይን ጠጁ ያደላል፤ ሐምራእ ግን ቀይ ነው። «ቀልዓ»፣ ማለትም ምሽግ፣ በዐረብኛ አንስታይ ስለሆነች «አሕመር» ሳይሆን «ሐምራእ» ተባለ፤ «ቀይቱ» ማለት ነው።

ቆሎ ተማሪ፦
ቀይ የተባለችው ሌሊት በችቦ ስትሠራ ከሩቅ ስለቀላች ነው ይባላል። ወይም ከንጉሡ ከኢብን አል አሕመር፣ «የቀዩ ልጅ» ከሚለው ስም።

ግንበኛው፦
ሁለቱም አይሆንም። ስሙ በ9ኛው መቶ ዓመት አስቀድሞ ይጠራ ነበር፤ ንጉሡ ከመውጣቱ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ። ያቀላው አፈሩ ነው። ከላይ የተናገርኩት ጭቃ!

ተርጓሚዋ፦
«ቀይቱ ቅጽር» እና «የጦሩ ግቢ» ብዬ ብጽፍስ? ማን ይቃወማል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ቅጽር በጸሎቱ «ጸ» መሆኑን አትርሺ፤ በፀሐዩ የጻፍሽ እንደሆነ እቃወማለሁ።

ቆሎ ተማሪ፦
እኔ «ግቢ»ን እቃወማለሁ። «ሐጹር» እያለ!

የጂዳው፦
ሐጹር እሾህ አጥር ነው። ባይሆን ዐረቡ ከበባን «ሒጻር» ስለሚል በጦርነት በኩል ይዛመድ ይሆናል።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሱስ በሐመሩ «ሐ» ሲጻፍ ነው። በብዙኃኑ «ኀ» ከሆነ «አጭር» ማለት ይመጣል።

ቆሎ ተማሪ፦
27 ሜትር ማማ ይዞ አጭር?

ፊደል ቆጣሪ፦
ለዚህ ነው ፊደል የምቆጥረው። አልሐምራም በሐመሩ ነው፤ «አልሃምብራ» ብሎ በሃሌታው የሚጽፍ ሁሉ እዚህ ይምጣና ያስረዳ። «ብ»ዋስ ከየት መጣች?

የጂዳው፦
ስፔኖች «ምር» ሲከብዳቸው መካከል ላይ ያስገቧት ናት።

ቆሎ ተማሪ፦
ማስረጃ?